ፊቱ ወርቅ፣ ስሙ እንጨት

ንባብ፦ ፊቱ ወርቅ ነው፤ ዐይኑ ነጭ ድንጋይና ባልጩት ነው፤ ራሱ ከአንገቱ አይለይም፤ ስሙም ይነበባል።

ይህ ንባብ ከብራና የወጣ አይደለም፤ ከጭምብል ላይ የተለቀመ ነው። የጥንት ግብጾች ለሟቾቻቸው የሠሩት የቀለምና የወርቅ ፊት ይነበባል፤ ማዕድኑም፣ ቀለሙም፣ የዐይኑ አቀማመጥም ትርጉም ተሸክመዋል። ትርጉም የተሸከመ ነገር ደግሞ በአንድ ፍቺ አያልቅም። የጎንደር መምህራን ላይ ቤትና ታች ቤት ሆነው መጻሕፍትን ያብላሉበት፣ አንድም እያለ ፍቺ በፍቺ ላይ የሚደርበው ስልት ለዚህ ጭምብል ይስማማዋል። ግብጾቹ ራሳቸውም በዚህ መንገድ ሄደውበታል። መጽሐፈ ሙታን በሚባለው የጸሎት ስብስብ ውስጥ ምሁራን 17ኛ ብለው የቈጠሩት ክፍል አንድ ኃይለ ቃል ይጥላል፤ ይህ ምንድር ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ይመልሳል፤ ደግሞ ሌላም አባባል አለ ብሎ ሁለተኛ ሦስተኛ ፍቺ ይጨምራል። ጥያቄዎቹ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም የተጻፉ ናቸው። የሐተታ ሥርዓት በዐባይ ሸለቆ ከጥንት ጀምሮ ነበረ ማለት ነው።

ስለምን ከሽንፋ ላይ ሆኖ የግብጽን ጭምብል ማንበብ አስፈለገ ቢሉ፣ ስለ ወንዙ ነው። ሽንፋ ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ የመተማን ቆላ ያቋርጣል፤ ድንበር ሲሻገር ሱዳኖች ረሃድ ይሉታል፤ ሄዶ ዐባይ ውስጥ ይገባል። ግብጽ በየዓመቱ ከጎርፍ በኋላ የምትዘራበት ጥቁር ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ የታጠበ አፈር ነበር። የሙታን ንጉሥ የሚሉት ኦሲሪስ ፊቱ በጥቁር ወይም በአረንጓዴ የሚቀባው በዚህ ነው፤ ጥቁሩ ደለሉን፣ አረንጓዴው ከደለሉ የሚወጣውን ቡቃያ ይመስላል። እነርሱ ትንሣኤን የሳሉበት ጭቃ የእኛ አፈር ነበረ።

አንድም ስለ እጣኑ ነው። በመተማና በቋራ ቆላ ዋልያ መቀር የሚሉት የእጣን ዛፍ ይበቅላል፤ በበጋ ልጡን እየላጡ የሚንጠባጠበውን ይለቅማሉ። ግብጾች ለቤተ መቅደሳቸውና ለሙታናቸው የሚያጥኑትን ከፑንት ያስመጡ ነበር፤ ፑንትም ከቀይ ባሕር ወደ ደቡብ፣ ወደ እኛ ቀንድ አካባቢ እንደ ነበረች አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት መርከብ ሰድዳ እጣንም ዛፉንም ከነሥሩ አስመጥታለች፤ ታሪኩ በዴር ኤል ባሕሪ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ዛሬም በጸሎተ ፍትሐት ላይ ካህኑ ጽናውን ሲያወዛውዝ የሚጨሰው የዚሁ ዓይነት ዛፍ እንባ ነው።

አንድም ስለ ምዕራብነቱ ነው። ለግብጻዊ ምዕራብ ፀሐይ የምትሞትበት፣ ሙታን የሚኖሩበት አገር ነው፤ ሟቾችን ምዕራባውያን ብሎ ይጠራቸው ነበር። ለደጋው ሰውም ይህ ምዕራብ ንዳዱ የበዛ፣ ወርዶ መመለስ የማይታመንበት ቆላ ሆኖ ኖሯል። ሽንፋን የመረጥሁበት ዋናው ምክንያት ይኸው ሦስተኛው ነው። ብዙ ሰው ፊቱ ሳይታይ፣ በዘመድ ሳይገነዝ የተቀበረበት አገር ነውና፣ ጭምብሉ የሚያነሣው ጥያቄ እዚህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል።

ሰው በሽንፋ ዳር የሠፈረው ከፈርዖኖች በፊት መሆኑ ይታወቅ። ጆን ካፕልማን የሚመራቸው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳወጡት፣ በሽንፋ ዳር በተቈፈረ ሥፍራ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጣ ረቂቅ የመስተዋት ብናኝ ተገኝቷል። በዚያው ሥፍራ ሰዎች በበጋ ከሚቀሩ ኩሬዎች ዓሣ እያወጡ ይበሉ ነበር፤ የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የፍላጻ ጫፍ የሚመስሉ ትናንሽ ድንጋዮችም ትተዋል። የበሉትን እናውቃለን፤ ያደኑበትን እናውቃለን፤ ፊታቸውን ግን የሚያውቅ የለም።

ፊቱ ወርቅ ነው።

ታሪክ፦ አስቀድሞ፣ በፒራሚዶቹ ዘመን፣ ሬሳው በተልባ እግር ጨርቅ ከተጠቀለለ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ጨርቁ በስስ ልስን ተመርጎ ዐይንና አፍ ይሳልበት ነበር። ከዚያ በኋላ፣ የፒራሚዶቹ ዘመን መንግሥት ተዳክሞ አገሩ ከተከፋፈለ ወዲህ፣ ጭምብል ለብቻው ተሠርቶ ራስ ላይ መጥለቅ ጀመረ። አሠራሩ ጨርቅ በሙጫ እየደራረቡ በልስን መሸፈን፣ ሲደርቅ መቀባት ነው፤ ካርቶናዥ ይሉታል። በኋለኛው ዘመን በጨርቁ ፈንታ የተጣለ የፓፒረስ ወረቀት ይደራርቡ ስለ ነበር፣ ዛሬ ከጭምብል ውስጥ የቀድሞ ሰዎች ደብዳቤና ሒሳብ እየተፈታ ይነበባል። የቱታንክአሙን ጭምብል ግን ልስን አይደለም፤ 54 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ከ10 ኪሎ በላይ ክብደት ያለው ወርቅ ነው። ሃዋርድ ካርተር መቃብሩን እ.ኤ.አ. በ1922 አገኘ፤ ጭምብሉን ከሬሳው ላይ ያየው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1925 ነው።

ወርቅ ስለምን ቢሉ፣ ወርቅ አይዝግም፣ አይሻግትምና፤ የማይበሰብስ ፊት ለሚበሰብሰው ፊት ተተካለት ሲሉ ነው። አንድም አማልክቶቻቸው ሥጋቸው ወርቅ፣ አጥንታቸው ብር፣ ጠጉራቸው ላፒስ ላዙሊ የሚባለው ሰማያዊ ድንጋይ ነው ይሉ ነበርና፣ ሟቹ ከእነርሱ ወገን ሆነ ሲሉ ነው። አንድም ፀሐይን መምሰሉ ነው፤ ማታ ገብታ ጠዋት እንደምትወጣ እርሱም ይወጣል ለማለት። አንድም ነፍስ እንድታውቀው ነው። በእምነታቸው ባ የሚሉት የነፍስ ክፍል የሰው ራስ ባለው ወፍ ይመሰላል፤ ቀን ከመቃብር ወጥቶ ይበራል፤ ሲመሽ ወደ ሥጋው ይመለሳል። የደረቀና የተጠቀለለ ሥጋ ሁሉ አንድ ይመስላልና በምን ይለየዋል ቢሉ፣ በፊቱ።

ከአራቱ ፍቺ ለእኔ የሚጸናው የመጨረሻው ነው። ጭምብል በእኛ አነጋገር መሸፈኛ፣ ማንነትን መደበቂያ ነው። የግብጹ ጭምብል ተቃራኒውን ይሠራል፤ ሞት የሸፈነውን ፊት ገልጦ ያወጣል። ወርቅ የሌለው ቤተ ሰብ ፊቱን በቢጫ ቀለም ይቀባው ነበር፤ ሀብቱ ቢለያይም ፍርሃቱ አንድ ነው፤ ሳልታወቅ እንዳልቀር የሚል ፍርሃት። ይህ አሳብ በግብጽ ብቻ አልቀረም። ወደ ላይ ወደ ኑብያም ወጥቷል፤ በኑሪ ፒራሚዶች የኩሽ ነገሥታት ቤተ ሰቦች የብርና የወርቅ ጭምብል ለብሰው ተቀብረዋል፤ በመርዌ መንግሥት ዘመን በካራኖግ መቃብሮች ላይ የሰው ራስና የወፍ ክንፍ ያላቸው የድንጋይ ምስሎች ቆመዋል። መርዌ ማለት የአትባራ ውኃ የሚያዋስናት አገር ናት፤ አትባራ ደግሞ ከመተማ ደጃፍ ይነሣል።

ጢሙ የኦሲሪስ ነው፤ በግንባሩ ላይ ያሉት እባብና አሞራ የታችና የላይ ግብጽ ናቸው። በዚህ አልቆይም።

ዐይኑ ነጭ ድንጋይና ባልጩት ነው።

ግብጻዊ ሠዓሊ ሰውን በግድግዳ ላይ ሲስል በጎን ይስለዋል፤ ጭምብሉ ግን ፊት ለፊት ያያል። ለምን ቢሉ፣ የግድግዳው ሥዕል ስለ ሰው ይናገራል፤ ጭምብሉ ከሰው ጋር ይናገራልና። በቱታንክአሙን ጭምብል ጀርባና ትከሻ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ፣ በመጽሐፈ ሙታን 151ኛ የሚባለው ክፍል፣ ቀኝ ዐይኑን ለፀሐይ የሌሊት መርከብ፣ ግራ ዐይኑን ለቀኑ መርከብ፣ ግንባሩን ለአኑቢስ እየሰጠ የፊቱን ብልቶች ይተረጕማል። ጭምብሉ ሐተታውን በጀርባው ተሸክሞ ተቀብሯል።

አንድም የእኛን ሥዕል ያስታውሳል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ይሳላል፤ ሰይጣንና ኃጥእ በጎን፣ በአንድ ዐይን። ሁለት ዐይን ያለው ይመለከትሃል፤ ሊያማልድህም ይችላል። በዚህ መካከል የቆሙት የፋዩም ሥዕሎች ናቸው። ግብጽ በሮማውያን እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ1ኛው እስከ 3ኛው መቶ ዓመት፣ አንዳንዶች በጭምብሉ ፈንታ የሟቹን ፊት በእንጨት ገበታ ላይ በሰምና በቀለም እየሳሉ ከሬሳው ራስ ላይ ያስሩ ጀመር። ወደ 900 የሚሆኑ ተገኝተዋል። ፊት ለፊት የሚያዩ፣ ዐይናቸው የሰፋ፣ ስማቸው አንዳንድ ጊዜ አንገታቸው አጠገብ የተጻፈ ሰዎች ናቸው። የክርስቲያን ሥዕል ከዚህ ወገን እንደ ወጣ የሚናገሩ ብዙ ናቸው፤ እኔም ዐይኖቹን አይቼ አምናለሁ።

ራሱ ከአንገቱ አይለይም።

እዚህ ላይ መቆም ይገባል። መጽሐፈ ሙታን 43ኛ በሚባለው ክፍሉ ሟቹ በወዲያኛው ዓለም ራሱ እንዳይቈረጥበት የሚጸልይበት ጸሎት አለው። ኦሲሪስ ሴት በሚሉት በወንድሙ እጅ ሥጋው ተቈራርጦ እንደ ተበተነ፣ ሚስቱ ኢሲስም በየሥፍራው እየፈለገች እንደ ሰበሰበችው ይተርካሉና፣ ለግብጻዊ ከሞት የሚከፋው መበተን ነበር። ጭምብሉ ራስን ከትከሻ ጋር አንድ አድርጎ የሚይዝ መሆኑ ስለዚህ ነው፤ ራስ ቢጠፋ እንኳ በፈንታው ራስ ይኑር ሲሉ ነው።

ታሪክ፦ በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን የድርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ እየተመራ ጎንደርን ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዓመቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ወረዱ። ውጊያው ለእርሳቸው እየሆነ ሳለ በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱ ይህን ሰምቶ ተፈታ፤ ንጉሡም ዐረፉ። ራስ አርአያ ድምፁና ጥቂት ታማኞች አስከሬኑን ይዘው ወደ ትግራይ ሲጓዙ የድርቡሹ አዛዥ የዘኪ ጡማል ሰዎች ደረሱባቸው፤ ራስ አርአያ እዚያው ወደቁ። የንጉሡም ራስ ተቈርጦ ለድርቡሾቹ ገዢ ለኸሊፋ አብዱላሂ ወደ ኦምዱርማን ተላከ፤ ለሕዝብም ታየ።

እንግሊዛዊው አርኪኦሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ በፋዩም በሐዋራ እየቈፈረ እነዚያን የተሳሉ ፊቶች ከአሸዋ ያወጣው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ስማቸው ያልታወቀ የፋዩም ሰዎች ፊት ወደ ለንደን ሲጓዝ፣ ስማቸው በዓለም የታወቀ የኢትዮጵያ ንጉሥ ፊት ከሥጋቸው ተለይቶ በበረሃ ይጓዝ ነበር።

ይህን እንዴት እንተርጕመው? አንድም የጦርነት ክፋት ነው፤ በዚያ ዘመን ድል አድራጊ ራስ ቈርጦ ማሳየቱ በብዙ አገር የተለመደ ነበር። አንድም፣ ለክርስቲያን አንባቢ፣ የስሙ ባለቤት ይታሰባል። ንጉሡ የነገሡበት ስም ዮሐንስ ነው፤ መጥምቁ ዮሐንስም በሄሮድስ እጅ ራሱ ተቈርጦ በወጪት ቀርቧል። የእኛ ስንክሳር የዮሐንስ ራስ ክንፍ አውጥታ 15 ዓመት እየበረረች ሰበከች ይላል። ክንፍ ያለው ራስ! ግብጾቹ ነፍስን የመሰሉበት የሰው ራስ ያለው ወፍ፣ በጎንደር በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የሰማይ ሠራዊት ሆነው የተሳሉት ክንፍ ያላቸው ፊቶች፣ የመጥምቁም ራስ፣ ሦስቱም ፊት ያለ ሥጋ ሊኖር ይችላል ይላሉ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የግብጹ ወፍ ማታ ወደ ሥጋው መመለስ አለበት፤ ሥጋውን ካጣ ይጠፋል። የዮሐንስ ራስ ግን የምትመለስበት አላስፈለጋትም፤ የሰበሰባት እግዚአብሔር ነውና። መተማ ላይ ራሳቸው የተቈረጠው ንጉሥ በትንሣኤ ቀን ሙሉ ሆነው ይነሣሉ ብሎ የሚያምን ሕዝብ ጭምብል አላስፈለገውም።

አላስፈለገውም ስል ግን አልፈተነውም ማለቴ አይደለም። በቀደመው ዘመን መኳንንት ሲሞቱ በልቅሶው ሜዳ ፈረሱ በኮርቻው ተጭኖ፣ ጋሻው፣ ጦሩ፣ ለምዱ ይወጣ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም የሟቹ ምስል ተሠርቶ ልብሱን ይለብስ ነበር። በተለይ ሬሳው በሩቅ ቀርቶ መርዶ ብቻ ሲመጣ፣ አልቃሹ የሚያለቅስበት ፊት ይፈልጋል። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ የቆመው ተለቅ ተደርጎ የታጠበ ፎቶግራፍ ነው። ቆላ ወርዶ የቀረ ልጅ ፎቶ በእናቱ ደረት ላይ ሲታይ፣ የፋዩሙን የእንጨት ገበታ ያሠራው ፍላጎት ያው መሆኑ ያስታውቃል።

አባቶቻችን ጭምብልን የተዉት ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ኦሪት ዘፍጥረት በ50ኛው ምዕራፉ ያዕቆብ በግብጽ ባለ መድኃኒቶች እጅ 40 ቀን እንደ ተዘጋጀ፣ ግብጾችም 70 ቀን እንዳለቀሱለት፣ ዮሴፍም በሽቱ ታሽቶ በሣጥን እንደ ተቀመጠ ይናገራል፤ ሕዝባችን ይህን ሲያነብ ኖሯል። የተዉት በእንጦንስ ቃል ነው። አባ እንጦንስ ራሱ ግብጻዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ356 ሲያርፍ ሬሳው ወደ ከተማ ተወስዶ በግብጽ ልማድ ተጠቅልሎ በቤት እንዳይቀመጥ ደቀ መዛሙርቱን አደራ አለ፤ በምድር ውስጥ እንዲቀብሩት፣ ሥፍራውንም ለማንም እንዳይነግሩ አዘዘ። ይህን የጻፈልን አትናቴዎስ ነው፤ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከውም ይኸው አትናቴዎስ ነው። ስለዚህ ሬሳን የማስጌጥ ልማድ ሲቀር የግብጽ ሰው ለግብጽ ሰው መለሰለት፤ መልሱም በዚያው እጅ ወደ እኛ መጣ።

እኛ ዘንድ ሬሳው ይታጠባል፤ በነጭ ጨርቅ ይገነዛል፤ በሰሌን ይጠቀለል ነበር፤ ራሱ ወደ ምዕራብ ሆኖ ፊቱ ምሥራቅን እንዲያይ ይቀበራል፤ ጌታ ሲመጣ ፊት ለፊት ይነሣ ዘንድ። መተማና ሽንፋ ላይ ጎረቤት የሆነው ሙስሊምም በከፈን ጠቅልሎ፣ ያለ ምስል፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጎ ይቀብራል። ሁለቱም ፊቱን ለሰው አያሳዩትም፤ ወደሚጸልይበት አቅጣጫ ያዞሩታል።

ስሙም ይነበባል።

ፊት በጠፋበት ቦታ ስም ይቆማል። ልፋፈ ጽድቅ የሚባለው መጽሐፍ ለዚህ ምስክር ነው። በረዥም ብራና ተጽፎ፣ የሟቹ ስም ገብቶበት፣ ከሬሳው ጋር የሚቀበርበት ልማድ ነበረ። እመቤታችን የወገኖቿ ፍዳ አሳዝኗት ልጇን ለምና የተቀበለችው ነው ይላል፤ ኅቡእ ስሞችን ይዟል። የብሪቲሽ ሙዚየም የግብጽ ክፍል ኃላፊ የነበረው ዋሊስ በጅ እ.ኤ.አ. በ1929 ሲያሳትመው የኢትዮጵያ መጽሐፈ ሙታን ብሎ ሰየመው። መመሳሰሉ አይካድም፤ ሁለቱም ከሟች ጋር ይቀበራሉ፤ ሁለቱም በወዲያኛው ዓለም ደጅ ላይ የሚጠየቅ ስም ያስጠናሉ። እኔ ግን አንዱ ከሌላው ተቀዳ ከማለት ይልቅ፣ በዚያው ወንዝ ዙሪያ የኖረ ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ ማለትን እመርጣለሁ። ሚዛኑም እንዲሁ ነው። ግብጻዊው ልቡን ከእውነት ላባ ጋር ያስመዝናል፤ በእኛ ተአምር ውስጥ ደግሞ 78 ሰው የበላው በላዔ ሰብእ ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ በእመቤታችን ጥላ ይደፋለታል። እዚያ ልብ ከላባው ሳይከብድ መገኘት አለበት፤ እዚህ ምሕረት ይጨመርበታል።

አንድም ስም ለድሃ ነው። ወርቅም ካርቶናዥም ያልነበረው ግብጻዊ በሮማውያን ዘመን አንገቱ ላይ ትንሽ የእንጨት መታወቂያ በገመድ ይታሰርለት ነበር፤ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ አንዳንዴ ዕድሜው፣ የሚቀበርበት መንደር ይጻፍበታል። ከቤቱ ርቆ የሞተ ሰው በጀልባ ተጭኖ ወደ አገሩ ሲላክ በዚያ ይታወቃል። ሴንፓሞንቴስ የምትባል ሴት ለወንድሟ በግሪክኛ የጻፈችው ደብዳቤ ተርፎልናል። የእናታቸውን ሬሳ በጀልባ ልካለታለች፤ አንገቷ ላይ መታወቂያ እንዳለ፣ የጭነቱ ዋጋ ተከፍሎ እንዳለቀ፣ የተጠቀለለችበት ጨርቅ ቀለሙ ምን እንደሆነና ስሟ በሆዷ በኩል እንደ ተጻፈ ትነግረዋለች። ከ10 ኪሎው ወርቅ ይልቅ ይህ ደብዳቤ ይነካኛል። እናቱ እንዳትቀየርበት ሁለት ሦስት ምልክት ታስቀምጣለች።

ወደ ሽንፋ ስንመለስ ነገሩ የዛሬ ነው። የሰሊጥ አረምና አጨዳ በደረሰ ጊዜ ከጎጃምም፣ ከደጋው ጎንደርም፣ ከሌላውም አገር ቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ወባ አለ፤ ካላዛር አለ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጥይቱ አለ። በእርሻ ካምፕ ውስጥ ወጣቱ ብዙ ጊዜ በቅጽል ስሙ ወይም በመጣበት አገር ስም ይጠራል፤ ሲሞት አብረውት የወረዱት ከሌሉ ቀባሪዎቹ የሚያውቁት ያንኑ ነው። እናቱ ፎቶውን ይዛ ትጠብቃለች፤ መርዶ የሚያደርስ ግን ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። በመተማ ስለ ወደቁት ንጉሥ ራስ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ስለ እነዚህ ልጆች ግን መዝገብ እንኳ የለም።

ስለዚህ የእርሻ ባለቤቶችና የቀበሌ ሹማምንት፣ ሠራተኛው በወረደበት ቀን፣ ከቀን ሒሳቡ ደብተር አጠገብ ሌላ ገጽ ይክፈቱ ብዬ እጠይቃለሁ። ይጻፍበት፦ ሙሉ ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም፣ ወረዳውና ቀበሌው፣ የሚደወልለት ዘመድ ስልክ፣ ሃይማኖቱ፣ ክርስቲያን ከሆነም የክርስትና ስሙ። ቄሱ በፍትሐት የሚጠራው ይህን የመጨረሻውን ነው።